ከምሰሶው የፈታችን ሴት

መርዶው የደረሰኝ ገበያ መሀል፣ ጨው ገዝቼ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ስቋጥር ነው። ከወረኢሉ ጨርቅ እያመጣ የሚሸጥ ሰይድ የሚባል ነጋዴ አለ፤ እኔን ባየ ቁጥር ቀልድ አያጣም። ያን ቅዳሜ ግን አንዱን ጨርቅ ሲያጣጥፍ፣ ሲዘረጋ፣ ደግሞ ሲያጣጥፍ ቆየና፣ «እሜት የሺ፣ ያቺ ነርሷ፣ ዘይነባ፣ ወደ አኼራ ሄደች። ጀሊሉ ይዘንላት» አለኝ።

ወደ አኼራ ሄደች ማለት በእኛ አገር ሞተች ማለት ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም እንዲያ ሲባል ይገባዋል። እኔ ግን ያልገባኝ መስዬ፣ «የት ሄደች?» አልኩት።

«ካረፈች ከረመች። እናቷ አጠገብ ቀበርናት።»

ቶሎ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። አማቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «የዚች ልጅ ዕንባ እንደ ክረምት አውቶቡስ ነው፤ መምጣቱን ይመጣል፣ መቼ እንደሚመጣ ግን አይታወቅም» ይሉኝ ነበር። ጨዌን ቋጥሬ ሰይድን ተሰናብቼ ወደ ቤቴ አቀናሁ። መንገዱን ሙሉ በጆሮዬ ሲያቃጭል የነበረው ቁጣዋ ነው።

ስለ ሲስተር ዘይነባ የሚጽፍ የተማረ ሰው ሞልቷል። እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል የቆጠርኩ የቄስ ሚስት ነኝ። ነገር ግን መካነ ሰላም ውስጥ እንደኔ ቤት ስድቧን የጠገበ ቤት ስለሌለ እኔው ልጻፈው።

ወደ ከተማችን ጤና ጣቢያ ተመድባ የመጣችው በደርግ ጊዜ፣ ከድርቁ በኋላ ነው። አጭር ናት። እግሯ ግን የወንድ ያህል ስለነበር የሴት ጫማ አይበቃትም፤ የወታደር ከስክስ ነበር የምትጫማው። የነጭ ጋዋኗ ኪስ ከሽምብራ ቆሎ ባዶ ሆኖ አያውቅም። እየቆረጠመች ትመረምራለች፣ እየቆረጠመች ትቆጣለች። ከአፏ የማትለየው ቃል «አብሽሪ» ናት፤ አይዞሽ ማለት ነው። እሷ ግን ሰው ሲያዝንም አብሽሪ፣ ሲያጠፋም አብሽሪ ነው የምትለው። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ዓይኗን ሲያዩ ነው።

እሷ ስትመጣ ልጄ ይትባረክ አምስት ዓመት ሞልቶት ነበር። በጨቅላነቱ ክፉ ትኩሳት ታሞ፣ ተርፎልን እፎይ ስንል፣ ግራ እጁና ግራ እግሩ ደርቀው ቀሩ። አንደበቱም ሳይፈታ ቀረ። በዚያ ላይ የሚጥል በሽታ ተጨመረበት። ቆሞ አይሄድም፤ በቂጡ እየተንፏቀቀ ግን ለጉድ ይፈጥናል። የሚሄደውም ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ ነው፣ ወደ እሳቱ። አንድ ቀን ምድጃው አጠገብ ጣለውና ክንዱ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ልቀዳ፣ እንጨት ልለቅም ስወጣ በመቀነቴ ከቤቱ ምሰሶ ጋር አስረው ጀመር።

ይህን ሲያነብ የሚከፋው ካለ ይክፋው። ውኃው ያለው ወንዝ ነው፤ ባሌ ያሉት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አማቴ ዓይናቸው ደክሟል። እሳቱ ግን ሁልጊዜ እቤት ነው።

ከመቀነቱ የባሰ የሚያስረው ደግሞ ወሬው ነበር። የቄስ ልጅ እንዲህ ሲሆን አገሩ «ቄሱ ምን ቢበድሉ ነው» ይላል። ስለዚህ ይትባረክን ጓዳ አኖርነው፤ እንግዳ ሲመጣ መጋረጃውን እንጋርዳለን። ሠርግ ቀረብኝ። ገበያ ቀረብኝ። ቀብር ስቀር ቅሬያችን ቀጣኝ። ቅሬ እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናና የሰፈር ማኅበር ነው፤ ቀብር የቀረን ሰው አይምርም። ለምን ቀረሽ ሲሉኝ ወገቤን አሞኝ እላለሁ። እውነቱን ብናገር ይቅር ይሉኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ጓዳ ነው ያለው። እንዲያ ሆኜ ዓመታት አለፉ። ልጄ ከምሰሶው፣ እኔ ከልጄ።

ሲስተር ዘይነባ አንድ ቀን ለክትባት ቤት ለቤት ስትዞር ደጃችን ደረሰች። አማቴ እሜቴ ስኂን በሩ ላይ ተቀምጠው፣ «ኸዚህ ቤት ልጅ የለም» አሏት። ያን ጊዜ ይትባረክ ከጓዳ ጮኸ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች።

«ድመት ናት» አሉ እሜቴ።

«ድመትም ትከተባለች» ብላ ከነከስክሷ ገባች።

ልጁን ምሰሶው ሥር ታስሮ አገኘችው። ከጎኑ መሬት ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። እኔ የሚመጣውን ስድብ ለመቀበል አንገቴን ደፋሁ። እሷ ግን ጣቷን በመቀነቱና በልጁ ወገብ መሀል አስገብታ ጥብቀቱን ለካች፤ ቆዳውን አየች፤ የክንዱን ጠባሳ አየች።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሳቱን ፈርተሽ?»

«አዎ።»

«ሸጋ አስተሳሰር ነው። አልላጠውም» አለች። ቆሎዋን ቆረጠም ቆረጠም አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺንስ ማን አሰረሽ?»

እስከዚያ ቀን ልጄን ያየ ሰው ሁሉ ወይ አማትቦ ወይ ከንፈሩን መጥጦ ነው የወጣው። አስተሳሰሬን አይቶ ያመሰገነኝ ሰው አልነበረም። አማቴ የሚሉት አውቶቡስ ያን ቀን መጣ፤ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ።

«አብሽሪ» አለችኝ። «እኔንም ያሰረኝ አለ። እናቴ ወረኢሉ አልጋ ላይ ወድቃለች። በየዓመቱ ዝውውር እጠይቃለሁ፤ በየዓመቱ ምትክ የለም ይሉኛል። ሄጄ እንኳ እንዳያት ይለፉን የሚሰጠኝ የለም።» በዚያ ዘመን ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ሳይዙ ኬላ ማለፍ አይቻልም ነበር። ይህን ብላ ተነሣችና ቀሚሷን አራገፈች። «ነገ ጤና ጣቢያ ነይ።»

በማግሥቱ ልጄን አዝዬ ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«ልጄን ይዤ ነዋ!»

«ባልሽስ? አማትሽስ?»

«ቄሱ ቅዳሴ አለባቸው። እሜቴም...»

«እንግዲያው ቅዳሴው ሲያልቅ ሁላችሁም ኑ። ልጁ የሚኖረው ኸቤተሰቡ ጋር ነው፣ እኔ ጋር አይደለም። መድኃኒቱንም የምሰጠው ለቤተሰቡ ነው።»

በሰው ፊት ባዶ እጄን መለሰችኝ። እቤት እስክደርስ ስረግማት ሄድኩ። ለባሌ ለቄስ አድማሱ ስነግራቸው፣ «እኔ ጥምጥሜን አድርጌ ኸሴቶች ሰልፍ ልቆም?» ብለው ተቆጡ። እሜቴ ስኂን ግን ዱላቸውን አነሡ። «ድመቱን የከተበችዋ ናት? እኔ እሄዳለሁ» አሉ። እናት ከሄደች ልጅ አይቀርም፤ ቄሱም እያጉረመረሙ ተከተሉን።

አንድ አግዳሚ ላይ ደርድራ አስቀመጠችንና፣ «ሲጥለው ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ በየተራ ጠየቀችን። እሜቴ ክብሪት ጭረው ያሸትቱታል። ቄስ አድማሱ መስቀላቸውን ደረቱ ላይ አድርገው ይጸልዩለታል። እኔ እንዳይንፈራገጥ እጁንና እግሩን ይዤ እታገለዋለሁ። አንዳችንም አንዳችን የምናደርገውን ልብ ብለን አይተን አናውቅም ነበር፤ እዚያ ነው የሰማነው።

«ክብሪቱ ለምድጃ ይሁን፣ እሜቴ» አለች። «ቄስ አድማሱ፣ ጸሎቱን አይተዉ፤ ብቻ አስቀድመው በጎኑ ያስተኙት፣ ምራቁ እንዳያንቀው። አንቺ ደሞ አትታገይው። የሚታገለው አላጣም።»

ከዚያ ክኒኑን አወጣች። እጄን ዘረጋሁ፤ አልሰጠችኝም። የይትባረክን ቀኝ እጅ ገልብጣ መዳፉ ላይ አኖረችው። እጁ ተንቀጠቀጠና ክኒኑ ወደቀ። አነሣችና መልሳ አኖረች። ደግሞ ወደቀ። ከኋላችን ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። አንድ ካድሬ ቢጤ፣ «ጓዲት፣ ለአንድ ልጅ ይሄን ያህል?» አለ።

«ጠብቁ» አለች ዞር እንኳ ሳትል። «እሱም ኸቤተሰቡ አንዱ ነው። እሱን ሳናማክር አንጀምርም።»

ሰልፉ ጠበቀ። ይትባረክ መዳፉን ወደ አፉ ወሰደ፤ ጉንጩ ላይ አረፈ፤ መለሰው፤ ደግሞ ሞከረ። በመጨረሻ ሲጎርሰው እሜቴ ስኂን እልል አሉ። ቄስ አድማሱ «እናቴ፣ ሰው ይሰማል» ብለው አፈሩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤታችን ክኒን የሚሰጠው መዳፉ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ከቄሱ ጋር ሊጋጩ ደረሱ። የጠበል ወቅት ሲመጣ ባሌ፣ ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒት አይነካም ብለው ክኒኑን ሊያስቆሙ ፈለጉ። «ድንገት ኸተቋረጠበት አንዱ ሳይለቀው ሌላው ይጥለዋል፤ አይነቃም» አለቻቸው። አልሰሟትም። ታዲያ አልተከራከረችም። «የእርስዎን ሃይማኖት እኔ እስላሟ አላስተምርዎትም። የሚያስተምሩዎት ጋ እንሂድ» ብላ ባሌን ያስተማሩት የኔታ ዘንድ ወሰደቻቸው። እሷ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ቆሎዋን እየቆረጠመች ቆየች። የኔታ በሩ ድረስ ወጥተው፣ «መድኃኒቱንም ከምድር ያወጣው ያው እሱ ነው፤ ጠዋት ጠበሉን፣ ማታ ክኒኑን» ብለው ፈረዱ። ያን ቀን ራት ላይ ቄስ አድማሱ፣ «ሴትዮዋ ነገር ታውቃለች» አሉ።

ልጄ ቀስ በቀስ መውደቁን ተወ። አንድ ጠዋት መቀነቴን ከምሰሶው ፈትቼ ወገቤ ላይ ታጠቅሁት። ከዚያ በፊት ወገቤ ላይ የነበረው ገመድ ነበር። እሜቴ ከልጁ ጋር ሆኑና እኔ ገበያ ወጣሁ። የምገዛው ነገር አልነበረኝም። ዝም ብዬ ስዞር ውዬ ገባሁ።

ይኼ ደስታ አልከረመም። ከጥቂት ወራት በኋላ ክኒኑ ወሩ ሳያልቅ ያልቅ ጀመር፤ ይትባረክም እንደገና ይወድቅ ጀመር። ሲስተር ዘይነባ ቤታችን መጥታ እንደ ተማሪ ደርድራ አስቆመችን። «ማነው የሰረቀው?»

«ሌባ የለም» አሉ እሜቴ ስኂን። «እኔ ነኝ የሰጠሁ።»

«ለማን?»

«ለሸማኔው ልጅ። ደሞ ለነፋጡማ ልጅ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደሞ ለሊቀ መንበሩ ልጅ።»

ዓይናቸው የደከመው አማቴ ሰፈሩ የደበቀውን ሁሉ ያውቁ ኖሯል። በየቤቱ ድመት ናት ሲባል እሳቸው ያን ድመት በድምፁ ይለዩታል።

«ግማሽ መድኃኒት ግማሽ ፈውስ አይሆንም!» ብላ ጮኸች ሲስተር ዘይነባ። «ለሱም አልበቃ፣ ለነሱም አልበቃ! ልጁን ልትገድሉት ነው!»

«እኔ ብቻዬን ጎርሼ አላውቅም» አሉ እሜቴ። «የጎረቤት ልጅ አረፋ ሲደፍቅ እያየሁ የኔ ብቻ ይዳን ልበል? ኸዚያ ወዲያ በየት አፌ ልቁረብ?»

ሲስተር ዘይነባ እጇን ኪሷ ከተተች። የቆሎ ፍሬ አላገኘችም። «አብሽሪ» አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም፣ ለራሷ ይመስለኛል። «በሉ ይነሡ፣ ቤታቸውን ያሳዩኝ።»

አሮጊቷ በዱላቸው፣ እሷ በከስክሷ፣ እኔ ይትባረክን አዝዬ ከኋላ፣ ሰፈሩን ዞርን። የሸማኔው ሴት ልጅ ከድሩ ጀርባ፣ የፋጡማ ልጅ ጎታው ሥር ነበሩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር በስብሰባ ሁሉ እጁን ሽቅብ እየወረወረ መፈክር የሚያሰማ ሰው ነው። እሱን የማይፈራ የለም፤ ይለፍ የሚሰጠውም የሚከለክለውም እሱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ፣ «ኸዚህ ቤት ልጅ የለም» አለ።

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አሉት እሜቴ። «ድመት ናት ብዬ። አልጠቀመኝም።»

ሰውዬው ከበሩ ዞር አለ። ውስጥ ፀጉሯ እንደ ሙሽራ በሸጋ የተጎነጎነ፣ ፀሐይ ግን ነክቷት የማያውቅ ልጅ ተቀምጣ አገኘን።

ከዚያ በኋላ ሲስተር ዘይነባ ለሁሉም የሚበቃ መድኃኒት ከደሴ ማስመጣት ያዘች። ግን መድኃኒት ብቻውን ከምሰሶ አይፈታም አለች። ሰው ያስፈልጋል። አንድ ቀን ከቀብር መልስ ቅሬው ሜዳ ላይ ቁጭ ባለበት ገብታ ቆመች።

«ሰው ሲሞት ያልመጣን ትቀጣላችሁ» አለች። «ልጅ ሲታመም ያልመጣን ለምን አትቀጡም?»

ሰው ተንጫጫ። የቅሬው ዳኛ፣ «ልጄ፣ ቅሬ ለሙት ነው፤ በሕይወት ያለን ሰው ቅሬ ማስገባት ሟርት ነው» አላት። ያን ጊዜ እሜቴ ስኂን ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«እኔ መሞቻዬ ደርሷል» አሉ። «ስሞት ድንኳን ትተክላላችሁ፣ ቆማችሁ ታድራላችሁ። ያን ጉልበት አልፈልገውም፤ አፈር ብቻ መልሱብኝ። የኔን ቀብር ጉልበት አሁን ለልጄ ልጅ ስጡኝ።»

ከዚያ ሸማኔው ተነሣ፣ ሴት ልጅ እንዳለችው ሰፈሩ ያን ቀን ነው የሰማው። ቀጥላ ፋጡማ። ከዚያ ወዲያ ቅሬው በገበያ ቀን አንድ ሰው፣ በቀብር ቀን አንድ ሰው ከልጆቹ ጋር እንዲውል ወሰነ፤ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ቀብር ቢቀር አይቀጣም። ሲስተር ዘይነባም በወር አንድ ቀን ሁላችንንም በአንዳችን ቤት ትሰበስባለች። ለአንዷ ልጅ የበጀው ዘዴ ለሌላዋ ይነገራል። እኔ ልጅ ደግፎ ማስቀመጥን ለፋጡማ አሳየሁ፤ ሸማኔው ለይትባረክ ክራንቻ የሚሆን እንጨት ጠረበ። ሊቀ መንበሩ አልመጣም፤ ሚስቱ ግን ልጇን ይዛ መጣች።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ መንገዱ ተዘጋ። በአቀስታ በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ቀረ። መድኃኒትም ቀረ። ሲስተር ዘይነባ የቀረውን ክኒን ሰብስባ፣ በድንገት እንዳይቋረጥ እንዴት ቀስ በቀስ እንደምንቀንስ ለየቤተሰቡ አስረዳች። ያን ቀንም ቆሎ ሳትቆረጥም አየኋት።

በነጋታው ሊቀ መንበሩ ጤና ጣቢያ ሄደ። ለዓመታት የከለከላትን ይለፍ ጽፎ ይዞላት ነበር። «እናትሽ ጋ ሂጂ» አላት። «ለልጄም አስቢልኝ።» ልትሰናበተን ስትመጣ ቄስ አድማሱ፣ «ትመለሻለሽ?» ብለው ጠየቋት።

«እመለሳለሁ ብዬ አልምልም» አለች። «መድኃኒቱ ግን ይመጣል።» ይትባረክን ጉንጩን ሳመችው። እሱ መዳፉን ዘረጋላት። የምታኖርለት አልነበራትምና መዳፉን ጨብጣ መለሰችለት።

እሷ ከወጣች በኋላ አገሩ ለሁለት ተከፈለ። መካነ ሰላም ከመንግሥት እጅ ወጣች፤ ወረኢሉ በመንግሥት እጅ ቀረች። ሊቀ መንበሩ ሸሸ፤ ሚስቱና ልጁ ቀሩ። ክኒኑ አለቀ። ይትባረክ ወደቀ፣ ደግሞ ወደቀ። የቅሬው ሰው በየቤቱ የራሱ ጭንቅ ስለነበረበት ተበተነ፤ እሜቴ ስኂን አልጋ ያዙ። አንድ ጠዋት መቀነቴን ከወገቤ ፈትቼ ምሰሶው ላይ መልሼ ቋጠርኩት። ቋጠሮው የድሮው ቦታ ላይ፣ እንጨቱን ባሰረጎደበት ላይ ገባ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ከምሰሶው ጋር የተቀበርኩ መሰለኝ።

እንዲያ ባለሁበት ነው ሰይድ የሚባል ጎረምሳ ነጋዴ፣ ያው ኋላ መርዶዋን ያረዳኝ፣ በገደል በኩል አህያውን እየነዳ ደጄ የደረሰው። ከጨርቁ እጥፋት ውስጥ አንድ ቆርቆሮ አወጣ። «ዘይነባ ናት የላከችው። መዳፉ ላይ አኑሩለት ብላለች።»

ከፈትኩት፤ ግማሽ አይሞላም።

«ስትሰጠኝ ሙሉ ነበር» አለ ዓይኑን ሰብሮ። «በየማደሪያዬ ምን ይዘሃል ይሉኛል። ስነግራቸው ጓዳቸውን ከፍተው ልጃቸውን ያሳዩኛል። ወላሂ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ።»

ጮህኩበት። የልጄን ነፍስ በየመንገዱ ዘርተኸው መጣህ ብዬ ሰደብኩት። እሜቴ ስኂን አልጋቸው ላይ ሆነው ሳቁ፤ ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያን ቀን ብቻ ነው የሰማኋቸው። «ተይው» አሉኝ። «እኔ ብሆንስ ምን አደርግ ነበር?»

ሰይድ ተመልሶ የሆነውን ነገራት። በሚቀጥለው ሲመጣ የያዘው ሁለት ቆርቆሮ ነበር። «ይኼ ለይትባረክና ለሰፈሩ ልጆች፣ ይኼ ለመንገዱ ብላለች» አለኝ። የእኛው ሙሉ ነበር። የመንገዱ ባዶ።

መቀነቴን እንደገና ፈታሁ። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ግን ሰይድ ባዶ እጁን ነበር። ዘይነባ ለአንድ ሁለት ልጅ የሚሆን ብትልክ ማንም አያያትም ነበር። ለመንገዱ ብላ ስትጨምር ግን የመንግሥት ሰዎች፣ ይህን ያህል መድኃኒት መስመር የሚሻገረው ለሽፍታ ነው ብለው አሰሯት። ለማን ነው የላክሽው፣ ስም ጥሪ ብለው ሲያስጨንቋት፣ «ለድመቶች ነው» ብላ ከዚያ ሌላ አልተናገረችም አሉ። ባሌ ይህን ሲሰሙ ጥምጥማቸውን አወለቁና ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

የቀረውን ክኒን እሷ እንዳስተማረችን እየቀነስን፣ ከቤት ቤት እየተበዳደርን ከረምን። የሸማኔው ልጅ ግን አልተረፈችም። ቀብሯ ላይ ቅሬው አንድ ሰው ሳይቀር ወጣ። ከእሷ በኋላ እሜቴ ስኂን አረፉ፤ እንደተናዘዙት ድንኳን አልተተከለም። ሥርዓቱ ሲወድቅ የእስር ቤቱ በር ተከፈተና ዘይነባ እናቷ ጋ ገባች።

አንድ ጊዜ ልትጠይቀን መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ከስክሱ ያው ነው። ይትባረክ ገና በሩ ላይ ሲያያት መዳፉን ዘረጋ። ከኪሷ ሽምብራ አውጥታ አኖረችለት፤ ጎረሰ። እስሩ እንዴት ነበር ብላት፣ «ታስሬ የማላውቅ አስመሰልሽኝ» ብላ ዘጋችኝ። ስትወጣ ምሰሶው ጋ ቆመችና መቀነቱ ያሰረጎደውን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። «ሸጋ አስተሳሰር ነበር» አለች።

ያን ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ የይትባረክ የክኒን ሰዓት ደርሶ ነበር። አሁን ጢሙን ያበቀለ ሰው ነው፤ አንደበቱ ግን እንደያኔው ነው። ክኒኑን እንደ ወትሮው መዳፉ ላይ አኖርኩለትና፣ «ሲስተር ዘይነባ ሞተች» አልኩት። አውቶቡሱ ያን ጊዜ መጣ። ምሰሶውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ ማቆም አቃተኝ።

ይትባረክ ክኒኑን አልጎረሰም። ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ መዳፉን፣ ክኒኑ እላዩ ላይ እንዳለ፣ ወደ እኔ ዘረጋ።

«ያንተ ነው፣ ልጄ» አልኩት። «እኔ አላመመኝም።»

አልመለሰውም። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ክኒኑ እንዳይወድቅ እየተጠነቀቀ፣ ጠበቀኝ።